መርከቦቹ ውሃ የገቡበት ቀን

በዚያ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቦንጋ ባለው ቤታችን የነበርነው እነዚህ ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ አሥረኛ ክፍል የደረሰው ልጃችን፣ የእሱ ታናሽ የሆነችው ልጃችን፣ የጓሮውን ክፍል የተከራየው የእንግሊዝኛ መምህርና ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላት ጎረቤታችን። መምህሩ ከሰሜን ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። ጎረቤታችን ደግሞ ከወሎ ከባሏ ጋር መጥታ እዚሁ የኖረች ሴት ናት፤ ዝናቡ ገበያተኛውን ቢያባርርባት ሱቁን ለባሏ ትታ እኛ ዘንድ ተሻገረች። ሌላ ሰው አልነበረም። በዚያ ቀን የተነገረውን ማን ማን እንደሰማው ለብዙ ወራት በጣቴ ስቆጥር ስለኖርኩ አንዱንም አልረሳሁም።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። አነባለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ግን ቀስ እያልኩ ነው። የቤቱን ወረቀት ሁሉ የማስቀምጠው እኔ ነኝ። ዝናብ እንዳያገኘው፣ አይጥ እንዳይበላው በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ላስቲኩን በጨርቅ ቋጥሬ ከአልጋው ራስጌ ባለው ሳጥን ውስጥ አኖረዋለሁ። ባለቤቴ “እናትሽን እንኳ እንዲህ አልጠበቅሽም” እያለ ይስቅብኛል።

የዚያን ቀን የተሰበሰብነው ለልጄ የቤት ሥራ ነበር። ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ከውጭ አገር በእርዳታ በካርቶን የታሸጉ መጻሕፍት መጥተው ነበር። መምህሩ ተማሪዎቹን አንዳንድ መጽሐፍ አስመርጦ “አንድ ገጽ ወደ አማርኛ መልሳችሁ ለቤተሰባችሁ አንብቡ። ቤተሰብ ካልገባው አልተረጎማችሁም” አላቸው። ልጄ በቁመት ከክፍሉ ሁሉ ያነሰ ስለነበር ካርቶኑ ጋ የደረሰው መጨረሻ ላይ ነው። ሌሎቹ የሳይንሱንም የታሪኩንም ወስደው ለእሱ የተረፈው ስለ እንግሊዝ የጦር መርከቦች የሚናገር ወፍራም መጽሐፍ ነበር።

የተቀቀለ ጎደሬ በሚጥሚጣ አቅርቤ ተቀመጥን። ልጄ ደብተሩን ይዞ ቆመ።

“ርዕሱ ‘ፈጣን የተባሉት መርከቦች’ ይላል” አለ።

“ባህር የሌለው አገር ላይ ተቀምጠን የመርከብ ዝርዝር!” አለች ጎረቤታችን። “መምህር፣ ይሄ ለምን ይጠቅመዋል?”

“እኔ ገጽ ምረጡ አልኩ እንጂ ባህር አምጡ አላልኩም” አላት መምህሩ። “አንብብ ጎበዝ።”

ልጄ አነበበ። እንግሊዞች አንድ መርከብ ሲጠፋባቸው ወይም ሲያረጅባቸው ስሙን አይጥሉትም። ቆይተው ሌላ መርከብ ይሠሩና ያንኑ ስም ይሰጡታል። ስለዚህ “ፈጣን” የሚል ስም ያላት መርከብ አንዲት አይደለችም። በየዘመኑ እየተተካኩ፣ ከእንጨትና ከሸራ እስከ ብረት ድረስ፣ ብዙ ናቸው። ገጹ ላይ ከላይ እስከ ታች በተራ ተደርድረዋል። በእያንዳንዷ ፊት ሁለት ነገር ተጽፏል፤ ውሃ የገባችበት ቀንና መጨረሻዋ።

“አንዷ በፈረንሳዮች ተማረከች” አለ ልጄ።

“ሰዎቹስ?” አልኩ።

“አልተጻፈም፣ እማዬ። አንዷ በደቡብ አሜሪካ ዳርቻ ከድንጋይ ጋር ተጋጭታ ሰጠመች።”

“ሰዎቹስ ወጡ?”

“ብዙዎቹ ወጥተዋል። አንዷ ደግሞ በቻይና ባህር ላይ ከነሰዎቿ ጠፋች። ወዴት እንደገባች አይታወቅም።”

እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ። መምህሩ ሳቀ። “እትዬ፣ እርስዎ ስለ መርከቧ አንድም አልጠየቁም፤ ስለ ሰዎቹ ብቻ ነው።”

“መርከቧማ እናት የላትም” አልኩት።

“አርጅታ የሞተች የለችም እንዴ?” አለች ጎረቤታችን።

“አንዷ አርጅታ ተሸጣለች። ቆራርጠው ብረቷን ወሰዱት” አለ ልጄ።

“ወላሂ እኔንም ባሌ እንዲሁ ነው የሚያደርገኝ!” አለች። ትንሿ ልጄ በሳቅ ጎደሬው ትን አላት።

ልጄ ቀጠለ። የመጨረሻዋ በትልቁ ጦርነት ጊዜ ባህር ውስጥ የተቀበረ ፈንጂ ነክታ ሰጠመች። እኔ ያ ስም ላረፈባት ሁሉ ምን እንደደረሰባት በልቤ እየመዘገብኩ ነበር። ተማረከች፣ ተጋጨች፣ ጠፋች፣ ተቆረጠች፣ ፈነዳች። ልጄ ዝም ቢል ደስ ባለኝ።

ባለቤቴ ግን ጭኑን መታ። “እንግሊዝ ሰው ነው!” አለ። “ስም መሬት አይወድቅም። ይኸው፣ እኛስ ምን አደረግን? የአባቴን ስም ከቤት አናወጣም ብለን ሁለተኛ …” አለና ቆመ።

“ሁለተኛ ምን?” አለ ልጄ።

ባለቤቴ ጎደሬ አነሳ። “ምንም። ወሬ ነው።”

“አባዬ፣ ሁለተኛ ምን?”

ጎረቤታችን ነጠላዋን መሰብሰብ ጀመረች። “እኔ ልሂድ፣ ዝናቡም አባርቷል” አለች። ዝናቡ አላባራም ነበር፤ እንዲያውም ቆርቆሮው ላይ ይወርድ የነበረው የባሰ ነው። መምህሩ መሬት መሬት ያያል። ባለቤቴ ወደ እኔ ተመለከተ። ይህን ነገር ለዓመታት የጠበቅሁት እኔ ስለሆንኩ መናገሩም ለእኔ ተተወ።

“ካንተ በፊት ወንድም ነበረህ” አልኩት። “ሁለተኛ ዓመቱን ሳይደፍን ሞተ። ስማችሁ አንድ ነው።”

ልጄ አላለቀሰም፣ አልጮኸም። ወደ ውስጥ ገባና ሳጥኑን ከፍቶ ላስቲኩን ራሱ ይዞት ወጣ። የት እንደማስቀምጠው ያውቃል። ከውስጡ የክትባት ካርዱን መዘዘ። “ያንተ ነው” እያልኩ በየዓመቱ ለትምህርት ቤት የምሰጠው ካርድ ነው።

“ይሄ የማን ነው?”

“የእሱ ነው።”

“የእኔስ?”

“ያንተ የለም።”

ካርዱ ላይ ያለውን ቀን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ የጠየቀኝን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልረሳውም። “ታዲያ እኔ አጭር አይደለሁም ማለት ነው?”

እዚህ ላይ ያደረግሁትን ሳልደብቅ መጻፍ አለብኝ። የመጀመሪያው ልጄ የተወለደው ዋጫ እንኖር በነበረ ጊዜ ነው። ክትባቱን አንድም ቀን ሳላሳልፍ አስጨርሼዋለሁ። እንዲያም ሆኖ በሳንባ ምች ሞተብኝ። መንግሥት በተለወጠ ማግስት፣ አገሩ ገና ሳይረጋጋ፣ ሁለተኛውን ወለድኩ። ሰው ልጅ ሞቶበት ሌላ ሲወልድ ካሳ ወይም ምትኩ ይለዋል። እኔም እንደዚያ ያለ ስም ፈልጌ ነበር። ባለቤቴ ግን “ያ የአባቴ ስም ነው፤ ሕፃኑ ይዞት አይሄድም” አለ። እኔ ፈራሁ፤ ለሞተ ልጅ የተጠራ ስም ለሌላው አይበጅም ብዬ ተከራከርኩ። በመጨረሻ ተሸነፍኩ። ስሙን ስጠራ ድምፄ የሚንቀጠቀጠው ለአንድ ዓመት ያህል ነበር፤ ከዚያ ለመድኩት።

ቦንጋ ከገባን በኋላ ለአንደኛ ክፍል ላስመዘግበው ስሄድ ካርድ አምጪ አሉኝ። የእሱ ካርድ አልነበረም። በሳጥኑ ውስጥ ያለው የወንድሙ ካርድ ብቻ ነው። ስሙ አንድ፣ የአባቱ ስም አንድ፣ የእናቱ ስም አንድ። ሰጠኋቸው። ስምንት ዓመቱ ነው ብለው ጻፉ። ገና ስድስተኛውን አልጨረሰም ነበር። ተናግሬ ላስተካክለው ሳስብ በሐሰት ማስረጃ ያስሩኛል ብዬ ፈራሁ። ነገ እሄዳለሁ እያልኩ አንድ ዓመት አለፈ፣ ሁለተኛው ተከተለ፣ ከዚያ በየሰርተፊኬቱ ላይ ተጻፈ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ልጄ በገዛ ዕድሜው ሳይሆን በወንድሙ ዕድሜ ሲኖር ነበር። የክፍሉ ልጆች “ጩጬ” ይሉታል። ሰልፍ ላይ ሁልጊዜ ከፊት ነው። የበሩ መቃን ላይ በእርሳስ እየለካ “እማዬ፣ ለምንድነው የማላድገው?” ሲለኝ ወተት እጨምርለታለሁ። አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ ሁሉ ወስጄዋለሁ። ሐኪሙ መዝኖ፣ ለክቶ “ለዕድሜው ትንሽ ነው” ሲለኝ አንገቴን ደፍቼ መድኃኒቱን ተቀብዬ ወጣሁ። ልጁ ምንም እንዳልጎደለው የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

“አጭር አይደለህም” አልኩት ያን እሑድ። “ከሁለት ዓመት በላይ ታንሳቸዋለህ።”

መምህሩ ሊያግዘኝ ፈልጎ “እንዲያውም ለዕድሜህ ረጅም ነህ” አለው። ልጄ አልሳቀም። መጽሐፉን ይዞ ወደ መምህሩ ክፍል ሄደና በዚያው አመሸ።

በቤታችን እኔና ልጆቼ የምናወራው በካፊኖኖ ነው፤ እንግዳ ሲኖር ወይም የትምህርት ነገር ሲሆን ብቻ ነው አማርኛ የምንናገረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ ከእኔ ጋር በካፊኖኖ ማውራቱን ተወ። በአማርኛ “እርስዎ” ይለኝ ጀመር። “ምሳ በልተዋል?” “ውሃ ላምጣልዎት?” ይለኛል። ሰው ቢሰማ ምን ዓይነት ጨዋ ልጅ ነው ይላል። ጎረቤታችን ግን ገባት። አንድ ቀን ሱቋ ስሄድ “ቢሰድብሽ ይሻልሽ ነበር፣ እህቴ” አለችኝ።

በሁለተኛው ሳምንት የብሔራዊ ፈተና ፎርም መጣ። መምህሩ ወደ እኔ መጥቶ “እትዬ፣ ይሄ ፎርም ከተሞላ በኋላ ዕድሜውን ማስተካከል ይከብዳል። አሁን ይሂዱና ይንገሯቸው። የሚያስርዎት የለም፤ እኔም አብሬ እሄዳለሁ” አለኝ። ጠዋት እኔ፣ እሱና ልጄ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድን። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ሽማግሌ ነው። እኔ እየተንተባተብኩ፣ መምህሩ እየሞላልኝ፣ ነገርነው። የሚመጣውን ስጠብቅ ሰውየው መነጽሩን አወለቀ።

“እናት፣ ይሄን ያህል የሚያስጨንቅ አይደለም” አለኝ። “የመጀመሪያዋ እርስዎ አይደሉም። ሦስት ምስክር ይዘው ፍርድ ቤት ይቀርባሉ፣ ውሳኔውን ኦሪጅናሉን ከኮፒ ጋር ያመጡልኛል፣ እኔ አርማለሁ። የፎርሙ ዴድላይን ግን አርብ ነው። ትክክለኛው ቀን መቼ ነው?”

“ቀኑ …”

“አዎ፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመተ ምሕረት።”

“ቡና በሚለቀምበት ጊዜ ነው” አልኩ።

“እናት፣ ፎርሙ ላይ ቡና የሚል ቦታ የለም።”

ልጄ ወደ እኔ ዞረ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ቀኑን ደብቄው እንጂ አጥቼው አልመሰለውም ነበር። እኔ ወረቀት በላስቲክ የምጠቀልል፣ በር መዘጋቱን ሁለት ጊዜ የማረጋግጥ ሴት፣ ልጄ የተወለደበትን ቀን አላውቀውም። ከወለድኩ በኋላ ብዙ ደም ፈሶኝ፣ ትኩሳት ይዞኝ ለቀናት ራሴን አላውቅም ነበር። ባለቤቴ ሥራ ፍለጋ ቦንጋ ነበር። ክርስትና የተነሳው አርባ ቀኑ ካለፈ ከብዙ ጊዜ በኋላ ስለሆነ ከዚያ ላይ ወደ ኋላ መቁጠር አይቻልም። ይህንን እዚያው ቢሮ ውስጥ፣ ከባንኮኒው ፊት ቆሜ ነገርኩት።

ስንወጣ መንገድ ላይ ቀስ ብሎ ተናገረ፤ እንደመቆጣት አይደለም። “እነዚያ መርከቦች ሁሉም ስማቸው አንድ ነው። ውሃ የገቡበት ቀን ግን የየራሳቸው ነው። አንዷም የሌላዋን አልወሰደችም። እንጨትና ብረት እኮ ናቸው፤ እንዲያም ሆኖ ሰው ቀናቸውን ጽፎላቸዋል።”

ስሙን ይጠላዋል ብዬ ነበር የፈራሁት። በስሙ አልተቀየመም። ወንድሙን ሲጠቅስ እንዲያውም በፍቅር ነበር፤ ምን ይመስል እንደነበር፣ መራመድ ጀምሮ እንደሆነ ይጠይቀኝ ነበር፤ በ“እርስዎ” ይሁን እንጂ። የጎደለው ቀኑ ነው። እኔም ከዚያ ወዲያ ሌላ አላስብም። ቀኑን ካገኘሁለት ልጄን አገኛለሁ፤ እንዲህ ብዬ ቆረጥኩ።

በማግስቱ ወደ ማንኪራ ሄድን፤ እሱና እኔ ብቻ። የተወለደው እዚያ፣ በባለቤቴ አክስት ቤት ነው። የመጀመሪያው ልጄ ከሞተ በኋላ ዋጫ መኖር አቅቶኝ ወደ እሳቸው ሄጄ ነበር። መኪናው ካወረደን በኋላ በጫካው ውስጥ በእግር ነው። ልጄ ከፊት ከፊት ይሄዳል፤ ጭቃ ያለበት ስንደርስ ቆሞ እጁን ይሰጠኛል፤ ካለፍኩ በኋላ ይለቀኛል።

አክስትየው አርጅተዋል ግን አእምሯቸው ንጹህ ነው። ጥያቄውን ስነግራቸው “ቅዳሜ ነው!” አሉ ወዲያው። “የገበያ ቀን ነበር። ቡና እየለቀምን ነበር፤ ቅርጫቱን ጥዬ ነው የሮጥኩት።”

ንብ የሚያነቡት ጎረቤታቸው ጩኸታችንን ሰምተው ብቅ አሉ። “የምን ቅዳሜ!” አሉ። “ቡናው ተለቅሞ አልቆ ነበር። እኔ ቀፎ ልሰቅል ዛፍ ላይ ነበርኩ። የእሷን ጩኸት ስሰማ ልወድቅ ነበር። ቡና ሳይለቀም ቀፎ የሚሰቅል ማነው?”

“አንተ ነሃ! አንተ መቼ ጊዜ ጠብቀህ ሠርተህ ታውቃለህ?” አሉ አክስትየው።

“እሺ፣ ቅዳሜ ከሆነ እኔ ገበያ አልነበርኩም እንዴ? ቅዳሜ እቤቴ ውዬ አውቃለሁ?”

“ለዚህ ነዋ ሚስትህ የምታማርረው!”

ልጄ ከዚያ እሑድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ሁለቱ ከወር በላይ በሚራራቅ ጊዜ ላይ ሆነው እየተከራከሩ ፀሐይዋ ዘቀዘቀች። በመሃል አክስትየው ግንባራቸውን ያዝ አደረጉና “ምን አደከመን! ያቺ ጤና ረዳቷ ጽፋው የለም እንዴ?” አሉ።

እኔ የመጻፏ ነገር በትኩሳቱ ውስጥ ያየሁት ሕልም ይመስለኝ ነበር። አክስትየው ሲናገሩ ግን ተመለሰልኝ። አንዲት ወጣት ጤና ረዳት ነበረች። ከሌላ አገር የተመደበች፣ ፊት ጥርሷ ፍንጭት፣ ካፊኖኖ የማትችል ልጅ። ለክትባት ሥራ በእግሯ ማንኪራ መጥታ ሳለ እኔ ምጥ ላይ ደረሰችብኝ። ሳትሄድ ቀረች። ደሙን ያቆመችልኝ እሷ ናት። ልጁን ጠቅልላ አጠገቤ አስተኝታ፣ ካርቶን ሽፋን ያለው ደብተር አውጥታ ስትጽፍ አይቻለሁ። ያኔ አማርኛዬ ጥቂት ስለነበር በጣቷ እየጠቆመች ታስረዳኝ ነበር፤ ቀኑን ጽፌዋለሁ፣ ስትድኚ ነይና ካርድ አወጣለታለሁ፣ አይዞሽ። እኔ ድኜ ለመሄድ ስነሣ ግን እሷ ተዛውራለች አሉኝ። የእሱ ካርድ ያልነበረው በዚህ ነው። ያኔ ብዙ ሠራተኛ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ወዴት እንደሄደች የሚነግረኝ አልነበረም፤ ስሟንም በወጉ አልያዝኩትም።

“ስለዚህ ተጽፎ ነበር” አለ ልጄ።

“ተጽፎ ነበር” አልኩት።

በጫካው ስንመለስ ስለ እሷ ይጠይቀኝ ጀመር። ምን ለብሳ ነበር፣ ስንት ሌሊት አደረች፣ ሕፃን ሳለሁ ምን አለችኝ። እኔ እመልሳለሁ፣ እሱ ይጨምራል። መንገዱ ግማሽ ላይ ስንደርስ በካፊኖኖ እያወራን እንደሆነ አስተዋልኩ። እንዳላስተዋለ ሰው ሆኜ ወሬዬን ቀጠልኩ፤ ነገሩን ባነሳ የሚያቆም መስሎኝ።

አርብ ፎርሙን ራሱ ሞላው። የወንድሙን ቀን ጻፈ። “የራሴን ሳላገኝ የፈጠራ ቀን አልጽፍም። ይሄ ቢያንስ የእውነተኛ ሰው ቀን ነው” አለኝ። ፈተናውን አለፈ። መርከበኛ ሆነ ወይ ብላችሁ እንዳትጠብቁ፤ ባህር እስከ ዛሬ አላየም። አሁን ደካ በሚባል ቦታ የመብራት ሥራ ይሠራል፣ አግብቷል። መምህሩ ወደ አገሩ ተዛውሯል፤ በበዓል በበዓሉ ይደውልልናል።

ባለፈው ዓመት ልጄ ሴት ልጅ ወለደ። ልጠይቃቸው ደካ ስሄድ የተወለደችበትን ቀንና ሰዓት በሦስት ቦታ ጽፎ አገኘሁት፤ በደብተር፣ በስልኩ ላይና ከበሩ በስተጀርባ ግድግዳው ላይ። “ከእርስዎ ነው የወረስኩት” ብሎ ሳቀብኝ። “እርስዎ” ያለኝ አሁን ሊያስቀኝ ነው። ከዚያ ሕፃኗን አቅፎ “ያቺ ሴትዮ በሕይወት ትኖር ይሆን?” አለኝ። በየጊዜው ይጠይቀኛል። እኔም በጤና ጣቢያው የማገኘውን ሽማግሌ ሠራተኛ ሁሉ እጠይቃለሁ። እስካሁን ያወቃት የለም።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። መንግሥት በተለወጠበት ሰሞን በቦንጋ ዙሪያ ጤና ረዳት ሆና የሠራች፣ ማንኪራ ላይ በጎጆ ውስጥ ያማጠችን ሴት ያዋለደች፣ ፊት ጥርሷ ፍንጭት የሆነ ሴት ታውቁ እንደሆነ ንገሩን። ያ ደብተር ካለ ቀኑን ታንብብልን። ደብተሩ ከሌለም ግድ የለም፤ የት እንዳለችና ደህና መሆኗን ብቻ አሳውቁን።